ከማርስ የመጣው ወራሪና የተመልካቹ ምስክርነት

(በአርባ ምንጭ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተመረጠው ርእስ አንድ የታወቀ የሳይንስ ልብ ወለድ በቴሌቪዥን እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲቀርብ ከተመልካቹ የሚሰማው ምላሽ ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ የመዝናኛ ጉዳይ ይመስላል። እኛ ግን የማስተማር ሙያ ያገናኘን ሰዎች ነን። መጽሐፍን በክፍል ስናስተምር፣ በመድረክ ስናሳይ ወይም በሬዲዮ ስናስተርክ ከዋናው ላይ አንዳች መቀነሳችን፣ አንዳችም መጨመራችን አይቀርም። ተማሪውም ሆነ ተመልካቹ «ይህ መጽሐፉ አይደለም» ሲለን ምን ብለን እንመልስለት? አቤቱታውን እንቀበል ወይስ እናስተባብል? የዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ በአንድ ምሳሌ ለመመርመር የታሰበ ነው። የውጭ አገር ድርጊቶችን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ድርጊቶች በአብዛኛው በራሳችን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ለምሳሌ የመረጥሁት መጽሐፍ የእንግሊዛዊው ደራሲ የኤች. ጂ. ዌልስ «የዓለማት ጦርነት» ነው። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1897 በመጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በ1898 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከማርስ የተወረወሩ በርሜል መሳይ መንኮራኩሮች ከለንደን በማይርቅ ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። ከውስጣቸው የሚወጡት ፍጡራን በሦስት እግር በሚሄድ ማሽን ላይ ሆነው አገሩን በእሳት ጨረር ያቃጥላሉ፤ ሕዝቡን በጥቁር የመርዝ ጢስ ይፈጃሉ። በዚያን ጊዜ በዓለም ኃያል የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ሊቋቋማቸው አልቻለም። በመጨረሻ ግን ወራሪዎቹን ያሸነፋቸው መድፍ ሳይሆን በዓይን የማይታዩ የምድር ተሕዋስያን ናቸው። ሰውነታቸው ለእኛ ምድር በሽታ መከላከያ አልነበረውምና እንደ ቅጠል ረገፉ።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ዌልስን ያነሣሣው ከወንድሙ ከፍራንክ ጋር ስለ ታዝማንያ ነባር ሕዝብ ያደረገው ጭውውት እንደ ነበር ይታወቃል። ደራሲው በመጀመሪያው ምዕራፍ ይህንኑ ሕዝብ ያነሣል። አውሮፓውያን በታዝማንያ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጥፋት ያስታወሰ አንባቢ በማርሳውያን ላይ ለመፍረድ ምን አፍ ይኖረዋል ሲል ይጠይቃል። እንግዲህ መጽሐፉ ከመነሻው የተጻፈው ለኃያሉ ወገን ነው። ወራሪ የነበረው ሕዝብ ለአንድ ጊዜ ያህል ተወራሪ ሆኖ ራሱን እንዲያይ የቀረበለት መስተዋት ነው።

ይህ መጽሐፍ ከሌሎች ይልቅ በአድማጭና በተመልካች ምላሽ ስሙ ይነሣል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1938 በአሜሪካ ሲ.ቢ.ኤስ. በተባለው ራዲዮ ኦርሰን ዌልስ የተባለ ወጣት ተዋናይ ታሪኩን በዜና መልክ አቀረበው። የሁለቱ ስም በላቲን ፊደል ይለያያል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን አንድ ይሆናል። የሬዲዮውን ድርሰት ያዘጋጀው ሃዋርድ ኮክ ነበር። የታሪኩ ስፍራ ከእንግሊዝ ወደ ኒው ጀርዚ ግዛት ተዛወረ። የዳንስ ሙዚቃ ሲሰማ ቆይቶ በድንገት ተቋረጠና አስቸኳይ ዜና ተነገረ። በማግሥቱ ጋዜጦች ሕዝቡ በፍርሃት ተደናግጦ ከቤቱ ወጣ ብለው በትላልቅ ፊደል ጻፉ።

በ1940 ሃድሊ ካንትሪል የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር ባሳተመው ጥናት ፕሮግራሙን 6 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሰማው፣ ከዚህም ውስጥ አንድ ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ ያህሉ እንደ ተደናገጠ ገመተ። የኋላ ተመራማሪዎች ግን ይህን በጥርጣሬ አይተውታል። በዚያች ምሽት በስልክ በተደረገ የአድማጭ ቆጠራ ፕሮግራሙን እየሰማሁ ነው ያለው ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ነበር። ለኦርሰን ዌልስ ከተላኩት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የምስጋና እንደ ነበሩም ተረጋግጧል። ጋዜጦቹም ማስታወቂያቸውን የወሰደባቸውን ሬዲዮ ለማሳጣት ድንጋጤውን አጋንነውታል የሚል ክርክር ቀርቧል። ከአድማጮቹ ብዙዎቹ ጣቢያ ቀይረው አጣርተዋል፤ ለጎረቤት ደውለዋል፤ ጋዜጣ ገልጠው የፕሮግራሙን ስም አይተዋል። «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለውን የአባቶቻችንን ምክር ሳያውቁት ፈጽመውታል ማለት ነው።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1949 በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ የሆነው እውነተኛ አደጋ ነበር። የኪቶ ሬዲዮ ታሪኩን ወደ ራሱ ከተማ አምጥቶ በዜና መልክ አሰማ። ሕዝቡ ደነገጠ፤ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ በተነገረው ጊዜ ደግሞ ድንጋጤው ወደ ቁጣ ተለወጠ። ሬዲዮ ጣቢያውና ኤል ኮመርሲዮ የተባለው ጋዜጣ የነበሩበትን ሕንጻ አቃጠለ፤ ሰዎችም ሞቱ። ልብ በሉ፤ ሕንጻው የተቃጠለው ሕዝቡ ማርሳውያንን በፈራበት ሰዓት አይደለም። የታመነ ድምፅ እንዳታለለው ባወቀበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ አድማጭን ከሁሉ የበለጠ የሚያስቆጣው አመኔታው መደፈሩ ነው።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ ልምጣ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን 2019 የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. «የዓለማት ጦርነት»ን በሦስት ክፍል ማሳየት ጀመረ። ድርሰቱን ያዘጋጀው ፒተር ሃርነስ፣ ያዘጋጀውን በምስል የመራው ክሬግ ቪቬይሮስ ነበር። ኤሊኖር ቶምሊንሰን፣ ሬፍ ስፖልና ሮበርት ካርላይል ዋና ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት ተጫወቱ። የእንግሊዝ ተመልካች ይህን ሥራ በጉጉት ጠብቆት ነበር። ምክንያቱም በ1953 የወጣው ፊልም ታሪኩን ወደ ካሊፎርንያ፣ በ2005 ስቲቨን ስፒልበርግ ያዘጋጀው ደግሞ ወደ ዘመናዊት አሜሪካ ወስደውት ነበር። አሁን ግን ታሪኩ ወደ ተወለደበት አገርና ወደ ተወለደበት ዘመን ቀረብ ብሎ ሊመለስ ነው ተባለ።

በቀረበ ጊዜ ግን ብዙው ተመልካች ቅር ተሰኘ። በመጽሐፉ ውስጥ ስሙ ያልተጠራው ተራኪ በቴሌቪዥኑ ጆርጅ ተባለ፤ ከእርሱ ይልቅ ግን ኤሚ የተባለችው ወዳጁ የታሪኩ ማዕከል ሆነች። በመጽሐፉ ገና በመጀመሪያ የሚሞተው የከዋክብት ተመራማሪ ኦጊልቪ እዚህ ከጥፋቱ በኋላም በሕይወት ቆየ። ድራማው በየመካከሉ ወደ ፊት እየዘለለ ከወረራው በኋላ የሆነችውን ቀይ አረም የወረሳትን፣ ረኀብና በሽታ ያደከማትን ምድር ያሳይ ነበር። ስለ እንግሊዝ የቅኝ ግዛት አገዛዝም ገጸ ባሕርያቱ በግልጽ እንዲናገሩ ተደርጓል። የዘመኑን ልብስና ቤት፣ የኤሚንም ጥንካሬ ያመሰገኑ አልጠፉም። ቅሬታው ግን በሦስት አቅጣጫ ጎላ ብሎ ተሰማ።

አንደኛው ቅሬታ «መጽሐፉን አልጠበቀም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ወደ ፊት እየዘለለ ጉጉታችንን ገደለብን» የሚል ነው። ሦስተኛው «ታሪክ እንጂ ስብከት አልጠየቅንም» የሚል ነው። እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ መመርመር ይገባል፤ ሦስቱ እኩል ሚዛን አያነሡምና።

የመጀመሪያውን እንይ። መጽሐፍን መጠበቅ ማለት ቃሉን ሁሉ መጠበቅ ማለት ከሆነ የ1938ቱ የሬዲዮ ሥራ ከሁሉ የከፋ ከዳተኛ በሆነ ነበር። ቦታውን ለወጠ፤ ዘመኑን ለወጠ፤ የአቀራረቡንም መልክ ለወጠ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ መጽሐፉን አላጠፋውም። ለምን ቢባል ታሪኩ የሚንቀሳቀስበትን ኃይል አልነካም። አንድ ኃያልና የተረጋጋ ሕዝብ ባላሰበው ሰዓት ደካማ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። ይህ ነገር ለለንደን እንደሚስማማ ሁሉ ለኒው ጀርዚም ተስማምቷል። እንግዲህ የተራኪው ስም መጨመሩ ወይም ሴት ወደ ፊት መምጣቷ ብቻውን ጥፋት አይሆንም። ጥያቄው ለውጡ ያንን ኃይል አጠንክሮታል ወይስ አላልቶታል የሚል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ቅሬታ ግን ትክክል ነው እላለሁ። መጽሐፉም ቢሆን የተጻፈው ወረራው ካለፈ ከዓመታት በኋላ በሚናገር ሰው አንደበት ስለ ሆነ የሰው ልጅ እንደ ተረፈ አንባቢው ከመጀመሪያው ያውቃል። ደራሲው የሰወረው እንዴት እንደ ተረፈ ነው። ተራኪው በጸጥተኛዋ ለንደን ውስጥ ሲንከራተት ቆይቶ የወራሪዎቹን ሬሳ በሚያይበት ጊዜ እኛም ከእርሱ ጋር እንደነግጣለን። ድራማው ግን የፍጻሜውን መልክ እየቆነጠረ አስቀድሞ ሲያቀርብልን ያ ድንጋጤ ተሸረፈ። እዚህ ላይ ተመልካቹ የተናገረው ስለ ጥበብ ሥርዓት ነው፤ ምናልባት ቃሉን አላገኘለት ይሆናል እንጂ ነገሩን በትክክል ነክቶታል።

ሦስተኛው ቅሬታ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ነው። የቅኝ ግዛት ነገር ከውጭ የመጣ ጭማሪ ነው ያሉ ተመልካቾች መጽሐፉን አላነበቡም፤ ወይም ካነበቡት ቆይቷል። ቀደም ብዬ እንደ ገለጽሁት ነገሩ በመጀመሪያው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ዌልስ ነገሩን አንድ ጊዜ ተናግሮ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ጢሱና እሳቱ ነው። ደጋግሞ የተነገረ ትምህርት ግን የሰሚውን ድርሻ ይነጥቃል። እኛ በክፍል ውስጥ ይህን በየዕለቱ የምናየው ነው፤ ተማሪው ራሱ ሊደርስበት የተቃረበውን ነገር ቀድመን ብንነግረው ያመሰግነን ይሆናል፤ ግን ለራሱ አይቀርለትም።

ከዚህ በመነሣት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ተመልካች ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክር ያየውንና የተሰማውን ይናገራል፤ በዚህም ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። «እዚህ ላይ ሰለቸሁ» ያለን ሰው «አልሰለቸህም» ማለት አይቻልም። ለምን እንደ ሰለቸው የሚሰጠው ምክንያት ግን ሊመረመር ይገባዋል፤ ለፍርድ ዋናው ሰነድ፣ ማለትም መጽሐፉ፣ መቅረብ አለበትና። ምስክሩን የሚንቅ ባለሙያ በጨለማ ይሠራል። ምስክሩን ዳኛ የሚያደርግ ደግሞ ከጭብጨባ በቀር መሪ አይኖረውም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ይህ ታሪክ ከጋሞ ምድር ሆኖ ሲሰማ ምን ይመስላል? በመጽሐፉ የተሳለው ወረራ ለእንግሊዝ አንባቢ ምናብ ነበር። ለእኛ ግን የታሪክ ትዝታ ነው። መጽሐፉ በመጽሔት መውጣት የጀመረው ከዓድዋ ድል ማግሥት በአንድ ዓመት ልዩነት ነው። ከዚያም በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በሰሜንም በደቡብም ግንባር የመርዝ ጋዝ ረጩ። ኢጣልያ ግን ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ከሰማይ ስለ ወረደው የመርዝ ዝናብ ተናገሩ። የአሜሪካ አድማጭ ስለ ማርሳውያን ጥቁር ጢስ በሬዲዮ የሰማው ከዚህ ንግግር ሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። እዚያ ልብ ወለድ ሆኖ ያስደነገጠው ነገር እዚህ የሰውን ቆዳ ልጧል።

የታሪኩ ፍጻሜም ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ትገኛለች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ በደጋው በጨንቻ ነበር። ደገኛው ወደ ቆላ መውረድን የሚፈራው ወባን ስለሚያውቅ ነው፤ በዓይን የማትታይ ነፍሳይ ጎበዝን እንደምትጥል ከማንም መጽሐፍ መማር አላስፈለገውም። የሚያስደንቀው ደግሞ የወባ ተሕዋስ በትንኝ ሰውነት ውስጥ መኖሩን ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር በአጉሊ መነጽር ያየው በ1897፣ ማለትም የዌልስ ታሪክ በመጽሔት እየወጣ ሳለ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባናል። የመጽሐፉን ፍጻሜ አንብበን «ተሕዋስያን የተጠቂው ወገን ጋሻ ናቸው» ብንል እንሳሳታለን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የእንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን እንዴት እንዳራቆታት በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የምናጤሰው ቆሻሻ ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ ወደ ደጋማው የአገራችን ክፍል ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። ተሕዋስ ወገን የለውም። በዚህ ረገድ የ2019ኙ ድራማ ከመጽሐፉ የበለጠ አስተዋይ የሆነበት አንድ ነጥብ አለ፤ ወራሪው ከሞተም በኋላ የተረፈው ሕዝብ ሲታመምና ሲራብ አሳይቷል። ያን ጊዜ ብዙው ተመልካች ይህን ጨለማ አልወደደለትም። ወራት ሳያልፉ ግን ኮቪድ-19 ዓለምን አዳረሰ፤ በአገራችንም የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ታወቀ። ድራማው በአንድ ዓመት ዘግይቶ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ የተመልካቹ ምስክርነት ያው ይሆን ነበር? አይመስለኝም። የምስክሩ ቃል የቆመበትን ሰዓትም ይዞ ይመጣል። የ1938ቱም አድማጭ በአውሮፓ ጦርነት ሊነሣ ነው የሚል ዜና በሬዲዮ ሲሰማ የሰነበተ ሰው ነበር።

ስለ ድንጋጤና ቁጣ ካነሣሁ ይህች ከተማ ለዓለም ያሳየችውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆችና በሌሎች ወገኖች ላይ የደረሰው ግድያ እዚህ በተሰማ ጊዜ የወጣቱ ልብ በቁጣ ነድዶ ነበር። ዜናው የኪቶ ዓይነት ጨዋታ አልነበረም፤ እውነተኛ ሐዘን ነበር። ሆኖም የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቱም የአባቶቹን ሣር ተሻግሮ አልሄደም። ይህን በቴሌቪዥን ያየ የአገራችን ሕዝብ ምን ያህል እንደ ተደነቀ ታስታውሳላችሁ። በዌልስ መጽሐፍ ውስጥ መከራው ሲመጣ ቄሱ አእምሮውን ይስታል፤ የመድፈኛው ወታደርም ታላቅ ዕቅድ እያወራ ጉድጓዱን ሳይቆፍር ይቀራል፤ ሕዝብን የሚያረጋጋ ሽማግሌ ግን የለበትም። የእኛ ተማሪ መጽሐፉን ሲያነብ «ሽማግሌዎቹ የት ሄዱ?» ብሎ ቢጠይቅ ድንቅ ጥያቄ ነው፤ ለደራሲው ያልታየውን አይቷልና።

እንግዲህ ከመካከላችን ይህን የመሰለ መጽሐፍ በአማርኛ ወይም በጋሞኛ ለሬዲዮ፣ ለመድረክ ወይም ለቴሌቪዥን ለማዘጋጀት የሚያስብ ቢኖር ታሪኩን ወደ አባያ ዳር ያምጣው? ብዙዎች አዎ ይላሉ። እኔ ግን በዚህ መጽሐፍ አይሆንም እላለሁ። የታሪኩ እሾህ ወራሪው ሕዝብ ተወራሪ መሆኑ ነው። ተራኪውን ጋሞ ብናደርገው እሾሁ ይወጣል፤ የሚቀረው የጭራቅ ተረት ብቻ ይሆናል። እንግሊዛዊ ሆኖ ይቆይና እኛ ያለፍንበትን ነገር እርሱ ሲማረው እንመልከተው። ፀጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ን በአማርኛ ሲያቀርብ ልዑሉን የዴንማርክ ሰው አድርጎ እንደ ተወው፣ የሰው ሐዘን ግን በቋንቋችን እንደ ተሰማን አስታውሱ። በአንጻሩ ለውጡ የታሪኩን ኃይል የማይነካበት መጽሐፍ ሲገኝ ቦታውንም ስሙንም ያለ ፍርሃት መለወጥ ይቻላል። ሕጉ «ለውጥ» ወይም «አትለውጥ» አይደለም፤ ምን እንደምትለውጥ እወቅ ነው።

ለዚህም ሦስት ነገሮችን ለማኅበራችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በምስል የምናሳየውን መጽሐፍ ቢያንስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከማሳየታችን በፊት ተማሪው እንዲያነብ እናድርግ፤ ያለ ሰነድ ፍርድ የለምና። ሁለተኛ፣ ከማሳየት በኋላ «ወደዳችሁት ወይ?» ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ በየትኛው ስፍራ ልባቸው እንደ ተነካ፣ በየትኛው እንደ ሰለቻቸው፣ በየትኛው እንደ ተታለሉ እንጠይቅና እንመዝግብ። ሦስተኛ፣ ውይይቱን በዱቡሻ ሥርዓት እናካሂደው። በጋሞ ዱቡሻ ተናጋሪው ቃሉን ሳይጨርስ አይቋረጥም፤ ነገሩም ከየአቅጣጫው ሳይታይ አይቆረጥም። መጽሐፍ ያነበበውና ያላነበበው፣ የወደደውና የጠላው በየተራ ሲሰማ ምስክርነቱ ይሰበሰባል፤ ፍርዱም ከውይይቱ ይወለዳል።

የአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ዘመኑ ብዙ ሄዷል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ በጀመረ ጊዜ የኪነ ጥበብ ሰዎች ቅሬታና የተመልካቹ ፍቅር ፊት ለፊት ሲጋጩ አይተናል። ያኔም የጎደለው ተመልካቹ ምን እንዳገኘበት በትዕግሥት መጠየቅ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ዛሬም መጽሐፉን ሲያነብ የሚሰማው የእርሱን ድምፅ ነው። መጽሐፍን የሚያስተላልፍ ሰው በሌላው አእምሮ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ሊኖር ይችላል። ኃላፊነቱም የዚያኑ ያህል ነው።